አይ ቢም ይፈሳል ወይስ ይዳመጣል? የአዳማ ግንባታ ግሩፕ ክር ከነጭቅጭቁ

ሰላም ለሁላችሁ። ያ ግሩፓችን ላይ ስለ አይ ቢም (የ I ፊደል ቅርጽ ያለው የግንባታ ብረት) የተከፈተው የውይይት ክር በጣም ረዝሟል፣ ግማሹ ሰው ደግሞ ከላይ ያለውን ሳያነብ ታች መጥቶ ያንኑ ጥያቄ ስለሚጠይቅ ምን እንደተባለ በተራ ቁጥሩ እየሄድኩ እተርክላችኋለሁ። ቃል በቃል አልገለብጥም፣ መሃል መሃል ላይ የራሴንም ጣል ማረጌ አይቀርም፣ ቻሉኝ።

ክሩን የከፈተው ልጅ ፖስታ ቤት አካባቢ ሱቅ አለው፣ ጣራው ከፍ ያለ ስለሆነ ውስጡ ቆጥ ሰርቶ እላይ ዕቃ ማስቀመጥ ፈልጓል። ከግድግዳ ግድግዳ 6 ሜትር ነው፣ ኢንጂነሩ አይፒኢ 200 (ከፍታው 200 ሚሊ የሆነ የአውሮፓ ሳይዝ አይ ቢም) ብሎ ጽፎለታል። ብረት መሸጫ ሲሄድ ሻጩ ይሄ ኦሪጅናል ነው፣ ቀልጦ ፎርማ ውስጥ ፈሶ አንድ ወጥ ሆኖ የወጣ ነው፣ ብየዳ የለው ምን የለው አለው። በያጁጋ ሲሄድ ደግሞ ገንዘብህን አታባክን፣ እኔ ከላሜራ ቆርጬ በይጄ ያንኑ በግማሽ ዋጋ አወጣልሃለሁ፣ ቀለም ከተቀባ ማን ይለየዋል ተባለ። ልጁ ግራ ገባውና ሁለት ነገር ጠየቀ፤ አንደኛ ይሄ ነገር እውነት በፎርማ ነው ወይ የሚሰራው፣ ሁለተኛ ደግሞ ላሜራና ላሜራ ከሆነ አዳማ ያለ በያጅ የማይሰራው ለምንድነው። ጥያቄው ጥሩ ነበር፣ አጠያየቁም ትሁት ነበር፣ የተበላሸው በኋላ ነው።

1ኛው መልስ ሱቁን እግዜር ይባርክልህ ብሎ ጀመረና ሻጩ ልክ እንደሆነ አረጋገጠለት፤ ቲክቶክ ላይ ቀይ ብረት እንደ ውሃ ሲፈስ በዓይኑ አይቷል፣ በቃ ያ ነው ባይ ነው። 2ኛው ትንሽ ሳቅ ብሎ አረመው፣ ያየው ቪዲዮ የስራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም፣ የሚፈሰው ብሉም የሚሉት ወፍራም አራት ማዕዘን ብረት ነው፣ አይ የሚያደርገው ከዛ በኋላ ያለው መዳመጥ ነው አለ። እንዴት እንደሚዳመጥ ግን ሳይነግረን ሄደ።

3ኛዋ መጣች። ይቺ ልጅ እዚሁ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተማረች ናት፣ ለማስተርስ ውጪ ሄዳ አንድ የቢም ፋብሪካ አስጎብኝተዋቸው ነበር። በኔ እምነት ከክሩ ሁሉ መነበብ ያለበት የሷ ነው፣ ስለዚህ እዚህጋ ልቆይ።

እንደሷ አገላለጽ ብሉሙ ወይም ደግሞ ከመጀመሪያውም ወገቡ ቀጠን፣ ጫፍና ጫፉ ወፈር ተደርጎ የፈሰሰው ቢም ብላንክ የሚባለው (ይሄኛው መንገድ ካናዳ አልጎማ ስቲል ውስጥ በ1968 ነው ስራ ላይ የዋለው) መጀመሪያ ፈርነስ (ማጋያ ምድጃ) ይገባል። ፈርነሱ ውስጥ ያሉ ተንቀሳቃሽ ድጋፎች ብረቱን ብድግ አርገው አንድ እርምጃ ወደፊት ያስቀምጡታል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ከአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው ጫፍ ወደ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አንዳንዴም ከዛ ከፍ ብሎ ይወጣል። መፋጠን የለም፣ ላዩ ብቻ ግሎ ልቡ ካልጋለ ሲዳመጥ ውስጡ ይሰነጠቃል። እንደወጣ ላዩ ላይ የያዘውን ቅርፊት ከ100 ባር በላይ በሆነ የውሃ ግፊት ያረግፉታል፣ ካለበለዚያ ሮለሩ ቅርፊቱን ብረቱ ውስጥ ይቀብረዋል። ከማየቷ በፊት የሰማችው ያን ድምጽ ነው፣ ውሃው ብረቱን ሲነካ እንደ ጥይት እየተንጣጣ አዳራሹ በእንፋሎት ይሞላል፣ ጎብኚዎቹ የቆሙት ከላይ ድልድይ ላይ ሆኖ እንኳ ሙቀቱ ፊት ይገርፋል አለች።

ከዛ ብሬክዳውን የሚባለው ማሽን ላይ ይገባል። እዚህ ሮለሮቹ ቦይ ቦይ የተቆረጠባቸው ናቸው፣ ብረቱ ወደፊት ያልፋል፣ ሮለሮቹ ይቆሙና ወደኋላ ይዞራሉ፣ ብረቱ ይመለሳል፣ ክፍተቱ ትንሽ ይጠብባል፣ እንደገና ያልፋል፣ በየመሃሉ እየገለበጡ ወደሚቀጥለው ቦይ ያዛውሩታል። ከዚህ ሲወጣ ሻካራ አይ ይሆናል፣ ወፍራም ነው፣ አጭር ነው። ዋናው ነገር ቀጥሎ ያለው ነው፣ ዩኒቨርሳል ስታንድ ይሉታል፣ ስታንድ ማለት ሮለሮቹን የያዘው ማሽን ነው። አራት ሮለር ነው ያለው፣ ሁለቱ ተጋድመው ከላይና ከታች መሃሉን ማለትም ዌቡን ይጫናሉ፣ ሁለቱ ደግሞ ቆመው ከግራና ከቀኝ ክንፎቹን ማለትም ፍላንጆቹን ከውጪ ይገፋሉ። የተጋደሙት ሮለሮች ጎናቸው ራሱ ለፍላንጁ የውስጥ ፊት መደገፊያ ይሆናል። አራቱም በአንዴ ነው የሚጫኑት። ከጎኑ ኤጀር የምትባል አነስ ያለች ስታንድ አለች፣ ስራዋ የፍላንጁን ጫፍ እየተጫነች ስፋቱን ማስተካከል ነው፣ ፍላንጁ ሲቀጥን ወደ ጎን ልስፋ ስለሚል።

እዚህጋ ያስቀመጠችው ነጥብ ለኔም ብዙ ነገር ያብራራልኝ ነው። ዌቡና ፍላንጁ የተያያዘ አንድ ብረት ስለሆነ እኩል መርዘም አለባቸው። ዌቡን በዚህ ዙር አስር በመቶ አቅጥነህ ፍላንጁን አምስት በመቶ ብቻ ካቀጠንክ ዌቡ ከፍላንጁ በላይ መርዘም ይፈልጋል፣ መሄጃ የለውም፣ ስለዚህ ይሞገዳል። በተገላቢጦሽ ከሆነ ደግሞ ፍላንጁ ዌቡን ጎትቶ ያሳሳዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዙር ላይ የሁለቱ መቅጠን በመቶኛ እንዲቀራረብ ነው ሮለሩ የሚሰላው፣ ይሄ የሰው ዓይን ስራ ሳይሆን ሙሉ ሂሳብ ነው። መጨረሻ ላይ ጥቂት ሜትር ሆኖ የገባው ብረት እስከ 100 ሜትር ሊደርስ ይችላል፣ እንደጋለ በመጋዝ ይቆረጣል፣ ማቀዝቀዣ አልጋ ላይ ይተኛል፣ ከዛ ማቃኛ ሮለሮች ውስጥ አልፎ ቀጥ ይላል፣ በቀዝቃዛው በሚፈለገው ርዝመት ይቆረጣል።

4ኛው ላይ አንድ ሰው በቀላሉ ሲገባው እናቱ ሊጥ እንደሚዳምጡት ነው ማለት ነው ብሎ ጠየቀ። እሷም 5ኛው ላይ ተመልሳ በግማሽ ልክ እንደሆነ ነገረችው፣ ሊጥ ስትዳምጠው ወደፈለገው ጎን ይሰፋል፣ ቢሙ ግን በአራት በኩል ስለተያዘ ያለው ምርጫ መርዘም ብቻ ነው። ለምን በሙቅ የሚለውንም እዛው መለሰች፤ የፈሰሰ ብረት ሲረጋ ውስጡ ያለው ግሬን (የብረቱ ቅንጣት) ትልልቅና ሻካራ ነው፣ ጥቃቅን ባዶ ቦታም ይኖረዋል። ሲጋል ሮለሩ ግሬኑን ይሰባብረዋል፣ ሙቀቱ ደግሞ እዛው በዛው አዲስ ደቃቅ ግሬን እንዲወለድ ያደርጋል፣ ስለዚህ ብረቱ ሳይደርቅና ሳይሰበር ደጋግሞ መዳመጥ ይችላል። በቀዝቃዛ ይሄን ሁሉ ልዳምጥ ብትል ጉልበቱም አይቻል፣ ብረቱም እየደረቀ ሄዶ ይሰነጠቃል።

6ኛው ሰው ፌሮ ፋብሪካ ሰርቷል፣ የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ አልተናገረም። እሱ እንዳለው ፌሮም ያው በሙቅ የሚዳመጥ ነው፣ ቢሌት የሚባለው ቀጭን ብረት ነው የሚገባው፣ ግን ስታንዶቹ ተደርድረው ብረቱ ወደፊት ብቻ ነው የሚሮጠው፣ መመለስ የለም። ከመጨረሻው ስታንድ ሲወጣ ውሃ ውስጥ ያልፋል፣ ላዩ ይጠነክራል፣ ልቡ ውስጥ የቀረው ሙቀት ደግሞ ወደ ውጪ ተመልሶ ላዩን ያለሰልሰዋል፣ ከባድ ቢሞች ላይም ይሄንኑ ዘዴ የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች አውሮፓ አሉ። ወደ አይ ቢም መቀየር ቀላል እንደማይሆን ሲያስረዳም የሮለሩን ነገር አነሳ፣ ለአንድ ሳይዝ የተገጠመ ሮለር ለሌላው አይሆንም፣ ሲያልቅ በቶርኖ እየተላጨ ዲያሜትሩ ይቀንሳል፣ ለመቀየር ስራ ይቆማል። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ አንድ ሳይዝ አብዝተው ዳምጠው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ፣ አንዳንድ ሳይዝ ገበያ ላይ የሚጠፋውም አንድ ምክንያቱ ይሄ ነው። ይሄን ያነበብኩት በጥሞና ነው፣ እኛ ሳይዝ ሲጠፋ ነጋዴ ደበቀው ብቻ ነው የምንለው።

7ኛው፣ 8ኛውና 9ኛው ታሪክ ላይ ተጣሉ። 7ኛው ይሄ ሁሉ የአሜሪካ ግኝት ነው ብሎ ገባ። 8ኛው በጨዋ ደንብ አረመው፣ በቦይ ሮለር ብረት የመዳመጥ ፓተንት ያወጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ኮርት በ1783 ነው፣ አንድ ወጥ አይ ቢም የመዳመጥ ፓተንት ደግሞ ቤልጅየም ውስጥ ፎርዥ ደ ላ ፕሮቪዳንስ የሚባለው ድርጅት ሰው በሆነው አልፎንስ ሃልቡ በ1849 ነው የወጣው። ሰፊ ፍላንጅ ያለው ኤች ቢም ነው በኋላ የመጣው፣ የአራቱን ሮለር ዘዴ ያዳበረው ሄንሪ ግሬይ ይባላል፣ አሜሪካ ሆኖ ነው ያሰበው ግን መጀመሪያ የተቀበለው ሉክሰምበርግ ዲፈርዳንዥ ያለ ፋብሪካ ነው፣ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ላይ። ቤተልሔም ስቲል ፔንሲልቬኒያ ውስጥ በዚሁ ዘዴ መዳመጥ የጀመረው በ1908 ነው። 7ኛው ይሄን ሰምቶ ዝም ማለት ሲችል 9ኛው ላይ ተመልሶ ኤፍል ታወርስ ብሎ ጨመረ፣ ምን ለማለት እንደሆነ አልገባኝም። ከታች አንድ ሰው ኤፍል ታወር በ1889 ሲያልቅ የተሰራው ከስቲል ሳይሆን ፑድልድ አይረን ከሚባለው የድሮ ብረት ዓይነት እንደሆነ፣ ቁርጥራጩም በሪቬት እንደተያያዘ አስረዳው፣ እሱም ላይክ አርጎ ጠፋ።

10ኛው ላይ ነው ነገሩ የሞቀው። አንድ ኮንትራክተር ነኝ ያለ ሰው ተበድያለሁ ብሎ መጣ። ኤችኢኤ 200 (ፍላንጁ ሰፊ የሆነ የኤች ቢም ሳይዝ) ብሎ ገዝቶ ሳይት ላይ በካሊፐር (በሚሊ የሚለካ መሳሪያ) ሲለካው ከፍታው 190 ሚሊ ብቻ ሆነ፣ አስር ሚሊ ተሰርቄያለሁ፣ የዚህ አገር ብረት ነጋዴ ምናምን እያለ ረጅም ስድብ ጻፈ። 11ኛው ያለ ምንም ሰላምታ አንተ ነህ ያላነበብከው ብሎ ወረደበት። ኤችኢኤ 200 ከፍታው 190 ነው፣ ሰንጠረዡ ላይ እንደዛው ነው የተጻፈው፣ 200 የሆነው ኤችኢቢ ነው፣ ኤችኢኤም ደግሞ 220 ነው። ኮንትራክተር ሆነህ ይሄን ካላወቅክ ያሰራህ ሰው ነው የተሰረቀው ብሎ ጨረሰ። እውነቱን ነው ግን አነጋገሩ አስቀይሟል፣ 12ኛዋ ገብታ ሁለቱንም ገሰጸች፣ በዕድሜ ትልቅ ሴት ስለሆኑ ሁሉም እትዬ እያለ ይቅርታ ጠየቀ።

13ኛው ላይ 3ኛዋ ልጅ ተመልሳ ለምን እንደዛ እንደሆነ አስረዳች፣ እዚህ ስድብ ውስጥ የተገኘ ዕንቁ ነው። ከሦስቱም ላይ የሁለቱን ፍላንጅ ውፍረት ቀንሱና እዩት አለች። ኤችኢኤ ላይ ፍላንጁ 10 ሚሊ ነው፣ 190 ላይ ሁለት አስር ሲቀነስ 170። ኤችኢቢ 15 ሚሊ ነው፣ 200 ላይ ሠላሳ ሲቀነስ 170። ኤችኢኤም 25 ሚሊ ነው፣ 220 ላይ ሃምሳ ሲቀነስ አሁንም 170። የተጋደሙት ሮለሮች ስፋት ያው ስለሆነ በፍላንጆቹ መሃል ያለው ርቀት አይቀየርም፣ የቆሙትን ሮለሮች ራቅ ወይም ቀረብ በማድረግ ብቻ ነው ፍላንጁ የሚወፍረው፣ ከፍታው የሚያድገው ወደ ውጪ ነው። ስለዚህ 200 የሚለው ቁጥር የቤተሰቡ ስም ነው በሉት። ኮንትራክተሩ ከዚህ በኋላ አልታየም። እኔ ግን ካሊፐር ማውጣቱን ወድጄለታለሁ፣ ካሊፐር ይዞ ሳይት የሚሄድ ስንት ሰው አለ፣ የጎደለው ሰንጠረዡ ብቻ ነው።

14ኛው ሰው ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ከተማው ዳር ያሉት የነፋስ ማመንጫ ምሰሶዎችም ከዚሁ ቢም ነው የተሰሩት ብሎ ጻፈ። 15ኛው አይደለም አለው፣ እነሱ ወፍራም ፕሌት በሦስት ሮለር በቀዝቃዛ ተጠምዝዞ ቀለበት ቀለበት ሆኖ ተበይዶ እርስ በርስ የተያያዘ ነው፣ ፕሌቱ ራሱ ግን በሙቅ የተዳመጠ ነው። ከዛ በቃ ወሬው ሁሉ ወደ ነፋስ ሄደ፣ አዳማ አንድ የሚባለው ማመንጫ 34 ተርባይን ነው አዳማ ሁለት የሚባለው 102 ነው፣ 51 ሜጋ ዋት ነው 153 ሜጋ ዋት ነው፣ ታዲያ መብራት ለምን ይጠፋል፣ የኛ ሰፈር ትራንስፎርመር ሲፈነዳ ምናምን። አድሚኑ ወደ ብረቱ ተመለሱ ብሎ ጣልቃ ባይገባ እስካሁን እዛው ነበርን። ከዚህ ሁሉ አንድ የጠቀመ ነገር አንድ በያጅ ያነሳው ነው፤ ከሰዓት የአዳማ ነፋስ ሲነሳ ሚግ በሚባለው በጋዝ በሚከለል ብየዳ አትበይዱ፣ ነፋሱ ጋዙን ይወስደውና ብየዳው ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል፣ ወይ ከልሉት ወይ በኤሌክትሮድ ስሩ።

16ኛው የዛው በያጅ ነው፣ ስለራሱ የነገረን ነገር ደግሞ ያስደንቃል። አንዴ አይ ቢም መሃሉን በረጅሙ ሰንጥቆ ሁለት ቲ ለማውጣት ፈለገ፣ ቀጥ አርጎ በጥንቃቄ ቆረጠው፣ ቆርጦ ሲጨርስ ሁለቱም ግማሾች ጎብጠው ጫፍና ጫፋቸው ተራራቀ። ብረቱ ድሮም ጠማማ ነበር ብሎ ለሻጩ ሊመልስ ሄዶ ተጣልቷል። 17ኛው ሻጩ ጥፋት እንደሌለበት ነገረው፤ ማቀዝቀዣ አልጋ ላይ ሲተኛ ሁሉም ክፍል በአንዴ አይበርድም፣ የፍላንጁ ጫፎችና የዌቡ መሃል ቀድመው ይበርዳሉ፣ ዌብና ፍላንጁ የሚገናኙበት ማዕዘን ብረት ስለሚበዛበት መጨረሻ ነው የሚበርደው። መጨረሻ የበረደው ልኮማተር ሲል የቀደሙት አያስኮማትሩትም፣ ስለዚህ እሱ ተወጥሮ እነሱ ተጨምቀው ይቀራሉ። ውስጡ ታስሮ የተቀመጠ ጉልበት ነው፣ ስትሰነጥቀው ይፈታል። የ12 ሜትር ቢም ከመጋዙ ስር እንደጋለ ሲቆረጥ እስኪበርድ ድረስ ከአስር ሴንቲሜትር በላይ ያጥራል፣ ይሄን አስቡት አለ። እንዲህ ያለውን ስራ የለመዱ ሰዎች በአንዴ ከዳር እስከ ዳር አይሰነጥቁም፣ በየመሃሉ ድልድይ እየተዉ ቆርጠው ከበረደ በኋላ ነው ድልድዮቹን የሚቆርጡት። በያጁ አመሰገነ፣ ሻጩን ይቅርታ ልጠይቀው ወይ ብሎም ጠየቀ፣ ሁሉም ሳቀበት።

18ኛው ላይ ነው ወደ ልጁ ጥያቄ የተመለስነው። አንድ ሂሳብ የሚወድ ሰው የበያጁን ሃሳብ ቁጭ ብሎ ሰርቶታል፣ ባለሱቁ በያጁ 6 ሚሊ ላሜራ እጠቀማለሁ እንዳለው ጠቅሶ ስለነበር። አይፒኢ 200 ከፍታው 200፣ ፍላንጁ 100 በ8.5 ሚሊ፣ ዌቡ 5.6 ሚሊ፣ በሜትር 22.4 ኪሎ ነው። በያጁ ከ6 ሚሊ ላሜራ ያንኑ 200 በ100 ቢሰራው በሜትር 18.3 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ክብደቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። ግን የማጎንበስ መቋቋሙን የሚወስነው ኢነርሺያ ከ1943 ወደ 1460 አካባቢ ይወርዳል፣ ሩቡ ሄደ፣ ምክንያቱም የቀነሰው ቦታ ዋናው ስራ ያለበት ፍላንጁ ላይ ነው። ከውጪ ሲለካ ደግሞ ሁለቱም 200 በ100 ነው፣ በተለይ ቀለም ከተቀባ።

19ኛው ሌላ በያጅ ተናደደ። እኛን ሌባ ልታስብሉን ነው፣ እኔ ስንት መጋዘን ሰርቻለሁ አንዱም አልወደቀም፣ ወረቀት ላይ ቁጥር የሚቆልል ሁሉ ብረት ነክቶ አያውቅም አለ። 18ኛው ደግሞ መለሰለት፣ ያልወደቀው ጭነት ስላልመጣበት ይሆናል ብሎ። ከዛ ትንሽ ከረረ፣ አንድ ሁለት መልስ አድሚኑ አጥፍቶታል፣ እኔ አንብቤያቸው ነበር፣ ባትጠይቁኝ ይሻላል።

21ኛው ነው ያበረደው፣ ጋሼ የሚሉት ሰውዬ ናቸው፣ ረጅም ዓመት ድልድይ ስራ ላይ የነበሩ። ተበይዶ የተሰራ ቢም በራሱ ነውር አይደለም አሉ። በሙቅ የሚዳመጠው ከፍታው ከ1 ሜትር ትንሽ ካለፈ በኋላ ሮለሩ አይችለውም፣ ስለዚህ ትልልቅ ድልድይና መጋዘን ሁሉ ከፕሌት ተበይዶ ነው የሚሰራው። ልዩነቱ እዛ ፕሌቱ በስሌት ነው የሚመረጠው፣ ፍላንጁ ወፍራም ዌቡ ቀጭን ይሆናል፣ ብየዳው በማሽን በሁለቱም በኩል ያለማቋረጥ ይሄዳል፣ ከዛ ይመረመራል። አንድ ዓይነት ላሜራ ለሁሉም ቦታ ተጠቅሞ ነጠብ ነጠብ እያረጉ በይዶ አይፒኢ 200 ነው ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። በያጁንም በክብር ነው ያናገሩት፣ ልጄ እጅህ ጥሩ ይሆናል፣ ፍላንጁን 10 ሚሊ አድርገውና ኢንጂነሩ ይፈርምልህ አሉት። እሱም ጋሼ ልክ ነዎት ብሎ ተቀበለ። እንደኔ የልጁ ጥያቄ እዚህጋ ነው የተመለሰው። ፈሰሰ ተዳመጠ ተበየደ የሚለው ወሬ ለሻጭ ማሻሻጫ ነው፣ ገዢ የሚያስፈልገው ሚዛን፣ ካሊፐርና ሰንጠረዥ ነው። የ12 ሜትር ቤርጋ አይፒኢ 200 ወደ 269 ኪሎ መምጣት አለበት፣ የአውሮፓው መለኪያ የሚፈቅደው ከፍም ዝቅም 4 በመቶ ነው፣ ስለዚህ ከ258 ኪሎ በታች ከሆነ ቆም ብላችሁ ጠይቁ። በቤርጋ ከመግዛት በኪሎ መግዛት ይሻላል የሚሉትም ለዚህ ነው።

22ኛው የብረቱን ደረጃ ጠየቀ፣ ኤስ 235 እና ኤስ 275 እና ኤስ 355 የሚባለው ምንድነው ብሎ። 23ኛዋ በአጭሩ መለሰች፣ ቁጥሩ ብረቱ ላይመለስ መለጠጥ የሚጀምርበት ጫና ነው በሜጋ ፓስካል፣ ቀጫጭኑ ላይ፣ ውፍረቱ ሲጨምር ትንሽ ይወርዳል። በዓይን አይለይም፣ በካሊፐርም አይለይም፣ የፋብሪካውን ሰርተፍኬት ጠይቆ ላዩ ላይ ያለውን የሂት ቁጥር (ብረቱ በየትኛው ዙር እንደቀለጠ የሚናገረውን) ቢሙ ላይ ካለው ጋር ማመሳሰል ነው። ቱርክ ነው ቻይና ነው የሚለው ወሬ ሰርተፍኬት አይተካም አለች። 24ኛው ኤሌክትሮድ በጅምላ አለን ብሎ ስልክ ለጠፈ፣ ተነሳበት።

25ኛው ቀለም ላይ ጥሩ ነገር አነሳ። አዲስ ቢም ላዩ ላይ ያለው ሰማያዊ ግራጫ ነገር ሲያዩት ንጹህ ይመስላል፣ ሰው ፀረ ዝገቱን እዛው ላይ ይቀባል። ያ ግን በሙቅ ሲዳመጥና ሲበርድ የያዘው ኦክሳይድ ቅርፊት ነው፣ ከብረቱጋ በደንብ አልተጣበቀም፣ በጊዜ ብዛት ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ነው የሚነሳው፣ በስንጥቁ የገባ እርጥበት ደግሞ ስሩን ይበላዋል። በአሸዋ ግፊት ማስነፋት፣ ካልተቻለ ግራይንደር ላይ የሽቦ ብሩሽ ገጥሞ እስኪበቃው መፈግፈግ ነው። 26ኛው የአዳማ አየር ደረቅ ስለሆነ አያስፈልግም ብሎ ተከራከረ፣ ለውስጥ ስራ ከሆነ አልፈርድበትም፣ ውጪ ለሚቆም ግን 25ኛውን ስሙ።

28ኛው ላይ ባለሱቁ ተመልሶ ሁሉንም አመሰገነ፣ የተዳመጠውን ሊገዛ ወስኗል፣ 12 ሜትሩ ለሁለት ይቆረጥና ሁለት 6 ሜትር ይወጣዋል ብሎ አስቧል። 29ኛው ወዲያው አስቆመው፣ 6 ሜትር ግድግዳው መሃል ያለው ባዶ ስፋት ከሆነ ቢሙ ግድግዳው ላይ የሚያርፍበት ትርፍ የለውም፣ ኮለን ላይ በፕሌትና በቡሎን ካላሰርከው በቀር ያጥርብሃል። ልጁ ይሄን አላሰበውም ነበር፣ ግድግዳው ብሎኬት መሆኑንም ያኔ ነው የነገረን። ከዛ ወሬው ብሎኬት ጫፉ ላይ ያን ያህል ጭነት በቀጥታ መሸከም እንደማይችል፣ ስሩ የኮንክሪት መቀመጫ ወይም ኮለን እንደሚያስፈልገው ሆነ፣ ጋሼም ይሄን አጸኑት።

30ኛው ላይ ልጁ ኤሌክትሪሻኑ የመብራት ቱቦ የሚያሳልፍበት ቢሙን በታች በኩል ትንሽ ልብላው ብሎኛል፣ ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ከክሩ ሁሉ ብዙ መልስ በፍጥነት የመጣው እዚህ ነው፣ የተጣሉት ሁለቱ በያጅና ሂሳበኛው እንኳ አንድ ላይ ነው አይሆንም ያሉት። የታችኛው ፍላንጅ ስፓኑ መሃል ላይ ዋናውን ውጥረት የሚሸከም ነው፣ እሱ አይነካም። ቱቦ ካስፈለገ ዌቡ ላይ፣ ከፍታው መሃል ላይ፣ ከድጋፉ ራቅ ብሎ፣ ክብ ሆኖ በድሪል ይበሳል እንጂ በእሳት ተቆርጦ ጠርዙ አይቆራረጥም፣ ስንት ሚሊ የሚለውን ደግሞ አይፒኢ 200 ብሎ የጻፈው ኢንጂነር ይንገርህ አሉት። ኤሌክትሪሻኑ ራሱ ግሩፑ ውስጥ ኖሮ 34ኛው ላይ ብቅ አለ፣ እሺ በጣራ በኩል አዞረዋለሁ ግን የቱቦና የሽቦ ጭማሪ አለው ብሎ ዋጋ ጻፈ፣ አሁን ክርክሩ በዛ ዋጋ ላይ ነው ያለው።